የህዋ ዝምታ ምንድን ነው? ድምፅ በባዶ ቦታ ለምን አይሰማም?

በህዋ ውስጥ ድምፅ ይሰማል ወይ ለሚለው ጥያቄ አጭሩ መልስ "አይሰማም" ነው። ሁለት ጠፈርተኞች ከመንኮራኩራቸው ውጭ ጎን ለጎን ቢሆኑና አንዱ የቻለውን ያህል ቢጮህ፣ ለሌላው አንዲት ቃል አትደርሰውም። መልሱ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ በግማሹ ይነገራል። "ህዋ ባዶ ስለሆነ" ይባልና ወሬው እዚያው ይቆማል። ህዋ ፍጹም ባዶ አይደለም፤ ድምፅም ልክ እንደ መብራት በአንድ ጊዜ ድርግም ብሎ አይጠፋም። ወሳኞቹ ሁለት ርዝመቶች ናቸው፦ የድምፁ የሞገድ ርዝመት (ከአንድ የሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት)፣ እና አንድ የጋዝ ቅንጣት ከሌላው ጋር እስኪጋጭ ድረስ የሚጓዘው ርቀት።

ድምፅ የሚጓዘው የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ነው። የድምፅ ማጉያ ሽፋን ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ያጨናንቃል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ያሳሳዋል። የተጨናነቁት ሞለኪውሎች ቀጣዮቹን ይገፋሉ፣ እነዚያም የሚቀጥሉትን። ሞለኪውሎቹ ራሳቸው ከስፍራቸው ብዙም አይርቁም፤ ወደ ጆሯችን ታምቡር የሚደርሰው ግፊቱ ነው። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ አየር ውስጥ ይህ ግፊት በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በውሃ ውስጥ ወደ 1,480 ሜትር ይደርሳል፣ በብረት ውስጥ ደግሞ ከ5,000 ሜትር ይበልጣል።

በባሕር ወለል ከፍታ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር 25 ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል ሞለኪውሎችን ይይዛል። አንዱ ሞለኪውል ከሌላው ጋር ሳይጋጭ የሚሄደው በአማካይ ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺህኛ እንኳ ያነሰ ነው፤ በአንድ ሰከንድም ቢሊዮን ጊዜያት ይጋጫል። የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (በሰከንድ የሚደረግ ንዝረት ብዛት) ያለውን ድምፅ ሲሆን፣ የሞገድ ርዝመቱ በአየር ውስጥ ከ17 ሜትር እስከ 17 ሚሊሜትር ነው። አጭሩ ሞገድ እንኳ ከግጭት ርቀቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ረጅም ስለሆነ፣ ግፊቱ ሳይበታተን ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል ይተላለፋል።

ይህን ለማሳየት የሚሠራው የታወቀ ሙከራ ደወልን በመስታወት ክዳን ሥር አስቀምጦ አየሩን በፓምፕ ማውጣት ነው። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1660 ሰዓት በክር አንጠልጥሎ ይህንኑ ሞክሯል። ዛሬም ለመሥራት ለቫክዩም (አየር ለወጣለት ባዶ ቦታ) የተሠራ ወፍራም የመስታወት ክዳን፣ የጎማ ማሸጊያ ያለው ሳህን፣ ፓምፕ፣ የግፊት መለኪያና በባትሪ የሚጮህ ትንሽ ደወል ያስፈልጋሉ። ተራ ማሰሮ ወይም ብርጭቆ በፍጹም አይሆንም፤ 20 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክዳን አፍ ላይ ውጭ ያለው አየር በ320 ኪሎግራም ያህል ክብደት ይጫናልና። የዓይን መከላከያ መነጽርም ግዴታ ነው።

ሙከራው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ደወሉ በቀጥታ ሳህኑ ላይ ሲቀመጥ ነው። አየሩ ቢወጣም ንዝረቱ በሳህኑና በጠረጴዛው በኩል ይወጣል፤ ተመልካቹም "ይኸው ይሰማል!" ይላል። ስለዚህ ደወሉን በቀጭን ላስቲክ ማንጠልጠል ወይም ለስላሳ ወፍራም ስፖንጅ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦም ያንኑ ጥፋት ስለሚያደርስ ቀጭንና የላላ ይሁን። መዶሻው ሲመታ በዓይን የሚታይ ደወል ደግሞ ይመረጣል፤ አለዚያ ድምፁ ሲጠፋ ባትሪው ያለቀ ሊመስል ይችላል። አየሩ ሲወጣ ድምፁ እየራቀ እንደሚሄድ ሰው ድምፅ ይዳከማል፤ መዶሻው ግን መምታቱን አያቆምም። ከዚያ አየር የሚያስገባውን ቧንቧ ቀስ ብለው ሲከፍቱት ድምፁ ከነሙሉ ጉልበቱ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ብዙ መማሪያዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ፓምፑ አየሩን ወደ መቶኛው ቢያወርደው የግጭት ርቀቱ ገና የሰው ፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ድምፁ በክዳኑ ውስጥ አሁንም ይጓዛል፤ የሙቀት መጠኑ እስካልተለወጠ ድረስ ፍጥነቱም ያው ነው። ታዲያ ለምን አንሰማውም? የሳሳ አየር ደወሉ የሚገፋው በቂ ነገር ስለማይሆንለት ነው። ጥግግቱ መቶ ጊዜ ሲቀንስ፣ በዚያው የደወል እንቅስቃሴ የሚፈጠረው ግፊት መቶ ጊዜ ይቀንሳል፤ ይህም በድምፅ መጠን መለኪያ በዴሲቤል ሲገለጽ የ40 ዴሲቤል ቅናሽ ማለት ነው። ያችው ደካማ ግፊት ደግሞ ከባዱን መስታወት ማንቀጥቀጥ ይሳናታል። ሙከራው እውነት ነው፤ የሚያሳየው ግን ድምፅ የሚዳከምበትን መንገድ እንጂ የህዋን ሙሉ ዝምታ አይደለም።

ሙሉው ዝምታ የሚመጣው ወደ ላይ ሲወጡ ነው። በ100 ኪሎሜትር ከፍታ የግጭት ርቀቱ ከ10 ሴንቲሜትር ይበልጣል። የ1,000 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት በሠላሳዎቹ ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ቅንጣቶቹ ግፊቱን ለጎረቤት ከማቀበላቸው በፊት እዚህም እዚያም ይበተናሉ፤ ሞገዱም ገና ከመነሻው ይሞታል። ቀጫጭን ድምፆች ቀድመው ይጠፋሉ፤ የሰው ጆሮ የማይሰማቸው፣ ሞገዳቸው መቶ ሜትሮች የሚረዝም ወፍራም ድምፆች ግን ገና ያልፋሉ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በሚዞርበት 400 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የግጭት ርቀቱ በኪሎሜትሮች ይቆጠራል። በዚያ ከፍታ ላይ ለጆሮ የሚሆን ድምፅ የሚሸከም ነገር የለም።

ጠፈርተኛው ግን ፍጹም ዝምታ ውስጥ አይደለም። ልብሱ ውስጥ ኦክስጅን ስላለ ትንፋሹን፣ የአየር ማራገቢያውንና በሬዲዮ የሚመጣለትን ድምፅ ይሰማል። ሬዲዮ የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ስለሆነ እንደ ብርሃን ሁሉ ተሸካሚ አያስፈልገውም። መሣሪያ ሲይዝም ንዝረቱ በጓንቱ አልፎ ይደርሰዋል። ሁለት ጠፈርተኞች የራስ ቁራቸውን ቢያነካኩ ደግሞ ድምፅ በጠጣሩ አካል በኩል ይሻገራል።

"የህዋ ድምፅ" ተብለው የሚሰራጩት ቅጂዎች ደግሞ ከሁለት ዓይነት ምንጭ የመጡ ስለሆኑ መለየት አለባቸው። አንደኛው ወደ ድምፅ የተቀየረ ሌላ ሞገድ ነው። ቮየጀር 1 የተባለው መንኮራኩር ማይክሮፎን የለውም፤ የፕላዝማ (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ጋዝ) ሞገድ መሣሪያው 10 ሜትር በሚረዝሙ ሁለት አንቴናዎች የሚለካው የኤሌክትሪክ መስክ ንዝረትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከፀሐይ ግዛት ውጭ የያዘው ንዝረት በ2,600 ኸርዝ አካባቢ ነበር፤ ይህ ከኤሌክትሮኖች ጥግግት ጋር በቀጥታ ስለሚያያዝ፣ በዚያ ሥፍራ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.08 ያህል ኤሌክትሮን እንዳለ ታወቀ። ወደ ድምፅ ማጉያ ሲላክ ፉጨት ይመስላል፤ እዚያው ቆሞ የሚያዳምጥ ቢኖር ግን ምንም አይሰማም ነበር።

ሁለተኛው እውነተኛ ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ማርስ ላይ ያረፈችው ፐርሰቪራንስ የተባለች ተሽከርካሪ ሮቦት ማይክሮፎኖች ይዛ ሄዳ የነፋስንና የራሷን ጎማዎች ድምፅ ቀድታለች። የማርስ የከባቢ አየር ግፊት ከምድር አንድ መቶኛ እንኳ ያነሰ ነው፤ ያም ሆኖ ድምፅ ያልፍበታል። ዋናው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ከ240 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ በሰከንድ 240 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ያለው 250 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ወፍራሙ ድምፅ የሚዘገየው ሞለኪውሎቹ ጉልበቱን ወደ ውስጣዊ ንዝረታቸው ለማዛወር ጊዜ ስለሚያገኙ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ለሚንቀጠቀጠው ቀጭን ድምፅ ግን ጊዜው አይበቃም። ስለዚህ ማርስ ላይ ከሩቅ የሚሰማ ሙዚቃ ቢኖር ቀጭኑ ድምፅ ከወፍራሙ ቀድሞ ይደርስ ነበር።

የበለጠ የሚደንቀው በፐርሴየስ የጋላክሲዎች ክምችት ውስጥ ያለው ድምፅ ነው። ከ240 ሚሊዮን የብርሃን ዓመታት ርቀት ላይ፣ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ በዙሪያው ያለውን የጋለ ጋዝ እየገፋ ሞገድ ያሰራጫል። ይህን ቻንድራ የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ አይቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ተገልጿል። ጋዙ በተለመደ የቤተ ሙከራ ፓምፕ ከሚገኝ ቫክዩም እጅግ የሳሳ ነው። ሆኖም ሞገዱ በአሥር ሺዎች የብርሃን ዓመታት የሚለካ ርዝመት ስላለው፣ ቅንጣቶቹ ሩቅ ሄደው ቢጋጩም ግጭታቸው ይበቃዋል። ድምፁ ከፒያኖ መካከለኛ ዶ 57 ኦክታቭ ዝቅ ያለ ሲ ቤሞል የተባለው ኖታ ነው (አንድ ኦክታቭ ዝቅ ማለት የንዝረቱ ብዛት በግማሽ መቀነስ ነው)፤ አንድ የሞገድ ጫፍ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ ወደ 10 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2022 ለጆሮ እንዲሰማ ብሎ ያወጣው ቅጂ ይኸው ሞገድ በ57 እና በ58 ኦክታቭ ከፍ ተደርጎ ነው።