«ዓምዱ የለም» የሚለው የዳታቤዝ ስህተት ምንድን ነው?

ሰንጠረዡ ተፈጥሯል፣ መረጃው ገብቷል፣ ዓምዱም ከነስሙ ስክሪኑ ላይ ይታያል። በሰንጠረዡ ላይ ገደብ ለመጨመር ትእዛዝ ሲሰጥ ግን ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ያ ዓምድ እንደሌለ ይናገራል። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ ዳታቤዙን ይጠራጠራሉ፤ ሰንጠረዡን ሰርዘው እንደ አዲስ የሚፈጥሩም አሉ። ይህ አያስፈልግም። ዳታቤዙ የሚለው በተሰጠው ስም፣ ፊደል በፊደል የተመዘገበ ዓምድ አላገኘሁም ነው።

ገደብ ማለት መረጃ ሲገባ የሚፈተሽበት ደንብ ነው። አንድ ቁጥር እንዳይደገም፣ ዋጋ ከዜሮ በታች እንዳይሆን፣ ክፍያ ያለ ደንበኛ እንዳይመዘገብ የሚከለክለው እሱ ነው። ደንቡ ከአንድ ዓምድ ጋር መታሰር ስላለበት ዳታቤዙ በቅድሚያ የዓምዱን ስም ይፈልጋል። ስህተቱም የሚወለደው በዚህ ፍለጋ ላይ ነው።

ዋነኛው መንስኤ የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ መሆኑ ነው። ፊደላችን ይህ ልዩነት ስለሌለው ጉዳዩን ቸል ማለት ይቀናናል። ፖስትግሬስ በድርብ ትእምርተ ጥቅስ ያልታጠረን ስም ሁሉ ወደ ትንሽ ፊደል ይለውጣል፤ ሌላው የዳታቤዝ ፕሮግራም ኦራክል ደግሞ የኤስኪውኤልን፣ ማለትም የዳታቤዝ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ቋንቋ፣ መስፈርት ተከትሎ ወደ ትልቅ። በጥቅስ የታጠረ ስም ግን እንዳለ ይመዘገባል። ችግሩ ጥቅሱን ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ሰው ሳይሆን መሣሪያ መሆኑ ነው። ከፕሮግራም ኮድ ተነስተው የዳታቤዝ ትእዛዝ የሚጽፉት ኢንቲቲ ፍሬምወርክና ሲኩዌላይዝ በፖስትግሬስ ላይ ሰንጠረዥ ሲፈጥሩ ስሞችን በጥቅስ አጥረው፣ መካከል ላይ ያለውን ትልቅ ፊደል ሳይነኩ ያስገባሉ። ከወር በኋላ አንድ ባለሙያ በእጁ፣ ያለ ጥቅስ፣ ያንኑ ስም ጽፎ ገደብ ልጨምር ሲል ስሙ ወደ ትንሽ ፊደል ይወርድና ከተመዘገበው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ምልክቱ በራሱ በስህተቱ መልእክት ውስጥ አለ፦ በትልቅ ፊደል የጻፉት ስም በመልእክቱ ውስጥ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ከመጣ መንስኤው ይኸው ነው።

ማይኤስኪውኤል የተባለው ሌላ የዳታቤዝ ፕሮግራም በዓምድ ስም ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደልን አይለይም። እዚያ ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ትእዛዝ ፖስትግሬስ ላይ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። እሴት እንዳይደገም የሚከለክል ገደብ ሲጨመር ማይኤስኪውኤል ዓምዱን በእውነት ካጣው ስህተት 1072 ይላል፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር 1911፣ ኦራክል 00904፣ ፖስትግሬስ ደግሞ 42703።

ሁለተኛው መንስኤ ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ነው። «ክፍያ» በሚባል ሰንጠረዥ ላይ «ሁኔታ» የተባለው ዓምድ «ተከፍሏል» ወይም «አልተከፈለም» ከሚሉት ውጪ እንዳይቀበል የቼክ ገደብ እንጨምር። ሁለቱን እሴቶች በድርብ ትእምርተ ጥቅስ ካጠርናቸው ፖስትግሬስ «ተከፍሏል» የሚባል ዓምድ የለም ይለናል። እኛ ዓምድ አልጠራንም፤ ለፖስትግሬስ ግን ድርብ ጥቅስ የስም ምልክት ነው፣ እሴት የሚታጠረው በነጠላ ጥቅስ ነው። ማይኤስኪውኤል በተለመደው አሠራሩ ድርብ ጥቅስን እንደ እሴት ስለሚቀበል ከዚያ የመጡ ሰዎች እዚህ ይሰናከላሉ። ለነገሩ ማይኤስኪውኤል ከ8.0.16 ዕትም በፊት የቼክ ገደብን ተቀብሎ ምንም ሳያደርግበት ያልፍ ነበር። ከእንዲህ ያለ ዝምታ፣ የሚያስቸግር የስህተት መልእክት ሺህ ጊዜ ይሻላል።

በአንድ ሰንጠረዥ የገባ እሴት በሌላ ሰንጠረዥ ውስጥ መኖሩን የሚያረጋግጠው የፎሪን ኪ ገደብ ደግሞ ሁለት ስሞችን ይፈልጋል፤ አንዱን ገደቡ በሚጨመርበት ሰንጠረዥ፣ ሌላውን በሚጠቀሰው ሰንጠረዥ ውስጥ። የፖስትግሬስ መልእክት የጎደለውን ስም ይናገራል እንጂ ከየትኛው ሰንጠረዥ እንደጎደለ አይናገርም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ማየት ነው። ፎሪን ኪ ራሱ ዓምድ እንደማይፈጥርም ማወቅ ያስፈልጋል። ዓምዱ አስቀድሞ መጨመር አለበት።

በአማርኛ ለሚሰይሙ ሰዎች የተለየ ጥንቃቄ አለ። ፖስትግሬስ በግእዝ ፊደል የተጻፈ የዓምድ ስም ይቀበላል፤ «ዓመት» እና «አመት» ግን ለእሱ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። የስም ርዝመትም በ63 ባይት የተገደበ ነው። በዩቲኤፍ-8 የፊደል አመዘጋገብ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ከ21 ፊደል በኋላ ያለው ይቆረጣል፣ ያውም በማሳሰቢያ ብቻ፣ ያለ ስህተት። መጀመሪያቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ረጃጅም ስሞች ከዚህ በኋላ አንድ ይሆናሉ። አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍም መፍትሔ አይሆንም፤ አንዱን ቃል ሁለት ባለሙያዎች በሁለት ዓይነት ይጽፉታል።

ከኤክሴል የመጡ ሰንጠረዦች ላይ ደግሞ በዓይን የማይታይ ክፍተት ከስሙ ጫፍ ተጣብቆ ሊገባ ይችላል። ይህን ለመያዝ ከኢንፎርሜሽን ስኪማ፣ ማለትም ዳታቤዙ የሰንጠረዦችንና የዓምዶችን ስም ከሚያሳይበት መዝገብ፣ የዓምዶቹን ስም ከነርዝመታቸው ማውጣት ይበቃል። አምስት ፊደል ያለው ስም ርዝመቱ ስድስት ሆኖ ከመጣ ሌባው ተገኘ። ትእዛዙን ደጋግሞ ከመቀያየር ይህን መዝገብ አንድ ጊዜ ማየት እጅግ ይሻላል፤ ዳታቤዙ የሚያመሳክረው ከእሱ ጋር ነውና። ስሙን ከመዝገቡ ገልብጦ በድርብ ጥቅስ አጥሮ መጠቀም ለጊዜው ያሠራል።

እኔ የምመርጠው ግን ስሙን ራሱን ማስተካከል ነው፦ ሁሉም በትንሽ ፊደል፣ ቃላቱ በታች ሰረዝ ተያይዘው። ፖስትግሬስ ገደቦችን ከዓምዱ ጋር የሚያያይዘው በስም ሳይሆን በዓምዱ ቁጥር ስለሆነ ስም ሲቀየር ነባሮቹ ገደቦች አይፈርሱም። በፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ የተጻፈው አሮጌ ስም ግን በራሱ አይታረምም፤ ኮዱን ፈልጎ ማስተካከል የባለሙያው ድርሻ ነው።