«ጠቅ» ማለቱ ይሠራል ማለት አይደለም፦ አሮጌ የፊልም ካሜራ ለመግዛት ላሰቡ

ካሜራ መጠገን ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚህ ዓረፍተ ነገር ያሰለቸኝ የለም፦ «ሞክሬዋለሁ እኮ፣ ጠቅ ይላል!» ገዢው ይህን የሚነግረኝ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሁለት ሦስት ፊልም አበላሽቶ ከመጣ በኋላ ነው። ሻጩም ካሜራውን የሸጠለት በዚያችው ድምፅ ነው። ስለዚህ ከዚህ ልጀምር።

በብዙ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ሜካኒካል ካሜራዎች መዝጊያው፣ ማለትም ሸተሩ፣ ሁለት መጋረጃዎች አሉት። ቁልፉን ሲጫኑ የመጀመሪያው ተንሸራቶ ፊልሙን ይገልጣል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይሸፍነዋል። በከፍተኛ ፍጥነት፣ ለምሳሌ በሰከንድ 1/1000ኛ ላይ፣ ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያው መንገዱን እስኪጨርስ አይጠብቅም። በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት ብቻ ይዘው ተከታትለው ይሮጣሉ፤ ፊልሙ ብርሃን የሚያገኘው በዚያ ክፍተት ነው። ቅባቱ ሲደርቅ ወይም ሞላው ሲላላ የመጀመሪያው ይዘገያል፣ ሁለተኛው ይደርስበታል፣ ክፍተቱም መንገድ ላይ ይዘጋል። ድምፁ ግን ያው ነው! ጆሮ 1/1000ኛን ከ1/500ኛ እንኳ መለየት አይችልም።

አንዲት ወጣት የእህቷን ሠርግ «ጠቅ በሚል» ካሜራ አንስታ መጣች። ቤት ውስጥ በዝቅተኛ ፍጥነት የተነሡት ደህና ነበሩ። ቀትር ላይ ደጅ የተነሡት ግን በሙሉ አንድ ጎናቸው ጥቁር ነው። እናትየው በዚያ ጎን ስለቆሙ በአንዱም ፎቶ ላይ የሉም። ካሜራውን አስተካከልኩላት፤ ለፎቶዎቹ ግን ምንም ላደርግላት አልቻልኩም።

ይህን ሁሉ ለመለየት የሚያስፈልገው አምስት ደቂቃ ነው። የሚቻል ከሆነ ሌንሱን ያውልቁ፣ የኋላ ክዳኑን ይክፈቱ፣ ካሜራውን ወደ ደማቅ ነጭ ግድግዳ ያዙሩ። ከኋላ እያዩ በከፍተኛው ፍጥነት ደጋግመው ይጫኑ፤ ብርሃኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ መታየት አለበት። ዓይንዎን ካላመኑ ስልክዎ እንቅስቃሴን አዘግይቶ በሚቀርጽበት ቪዲዮ ይቅረጹት። ቀጥሎ ወደ 1 ሰከንድ ያውርዱት። ቅባት ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚታመሙት ዝቅተኛዎቹ ፍጥነቶች ናቸው፤ መዝጊያው ተከፍቶ ከቀረ ወይም እየተንገዳገደ ከተዘጋ ጥገና ይፈልጋል። መጋረጃው የጨርቅ ከሆነ ጨለማ ክፍል ውስጥ በባትሪ መብራት ያብሩበት፤ በፀሐይ የተበሳ ቀዳዳ እንደ ኮከብ ያበራል። አንድ ማሳሰቢያ፦ እንደ ሶቪየት ሠራሹ ዞርኪ 4 ባሉት ላይ መዝጊያውን (በፊልም ማሳለፊያው) ሳይወጥሩ የፍጥነት መምረጫውን አያዙሩ፣ ውስጡን ሊሰብሩት ይችላሉ።

ከ«ጠቅ ይላል» ሌላ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎችም አሉ። «ሳጥኑ ውስጥ ሳይነካ የኖረ ነው፣ እንደ አዲስ ነው።» አይደለም። ለአርባ ዓመት ያልተንቀሳቀሰ ማሽን ቅባቱ ይጠጥራል። በክዳኑ ዙሪያ ብርሃን እንዳያስገባ የተለጠፈው ስፖንጅም ጊዜ ሲያልፍበት እንደ ሬንጅ ይሟሟል። እኔ ብሆን ቀለሙ የተላላጠ፣ ባለቤቱ በየጊዜው ያሠራበትን ካሜራ እመርጣለሁ።

«ዘይት ጠብ ሲያደርጉበት ይለቀቃል።» እባካችሁ ተዉ። ዘይቱ ተሰራጭቶ መዝጊያውንና ሌንሱ ውስጥ የብርሃኑን መጠን የሚወስኑትን ስለቶች ያጣብቃል፤ ቀላሉ ጥገና ከባድ የሚሆነው በዚህ ነው።

«አሮጌ ስለሆነ ባትሪ አይፈልግም።» ከፊሉ እውነት ነው። ከ1976 እስከ 1997 የተመረተው ፔንታክስ ኬ1000 ያለ ባትሪ ፎቶ ያነሣል፤ የብርሃን መለኪያው ግን ያለ ባትሪ አይሠራም። በዚያው በ1976 የወጣው ካነን ኤኢ-1 ደግሞ መዝጊያው በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ስለሆነ ባትሪው ካለቀ ጭራሽ አይነሣም። ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርገው የሚሸጡ ሰዎች ያናድዱኛል። ኦሊምፐስ ኦኤም-1 የተሠራው ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ የዛሬውን 1.5 ቮልት እንዲሁ ቢያስገቡበት ልኬቱ ይዛባል። ዜኒት ኢ ባትሪ ባይፈልግም ኃይሉን ከብርሃኑ ራሱ የሚያገኘው የሴሌኒየም መለኪያው ከዕድሜ ጋር ይደክማል፤ መርፌው ስለተንቀሳቀሰ ብቻ አይመኑት።

«ሌንሱ ውስጥ አቧራ ስላለ አይገዛም።» ጥቂት አቧራ ፎቶ ላይ አይታይም። የሚያስፈራው እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ነው፤ የመስታወቱን ልባስ ይበላል፣ ቢጠረግም ጠባሳው ሊቀር ይችላል።

«ላይካ የሚል ተቀርጾበታል።» ላይካ ውድ የጀርመን ካሜራ ነው፤ ስሙ ግን እሱን አስመስለው በተሠሩት የሶቪየት ካሜራዎች፣ በፌድና በዞርኪ ላይም ይቀረጻል። በተለይ ወርቃማ ከሆነና የጦርነት ዘመን ምልክት ካለበት ይጠርጥሩ።

«ፊልም መመረት ቆሟል።» አልቆመም። የኮዳክም የኢልፎርድም ፊልም ዛሬም ይመረታል፤ ፔንታክስ በ2024 አዲስ የፊልም ካሜራ አውጥቷል።

ዋጋ ሲደራደሩ የማጽጃውን፣ የቅባቱንና የማስተካከያውን ወጪ ከመጀመሪያው ይደምሩ። በቅርቡ የተጠገነ ነው ካሉዎት ማን እንደጠገነውና መቼ እንደሆነ ይጠይቁ፣ ደረሰኝ ይመልከቱ። ከተቻለ አንድ ባለ 36 ፊልም በየፍጥነቱ አንሥተው፣ አሳጥበው እስኪያዩ ድረስ የመመለስ መብት እንዲኖርዎ ይስማሙ። ሻጩ «ጠቅ ይላል» ከማለት አልፎ የኋላ ክዳኑን እንዲከፍቱ ካልፈቀደ፣ ካሜራውን እዚያው መልሰው ይስጡት።