«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ምን ማለት ነው? ማክቤዝን ይዘን እንየው

ይሄን አባባል የማያውቅ የለም፣ ግን አብዛኛው ሰው የመጀመሪያዋን ግማሽ ብቻ ነው የሚላት፣ አንድ የሰጋው ነገር ሲደርስበት «አይ፣ የፈሩት ይደርሳል» ይልና እዛው ያቆማል። ለኔ ግን ከባዷ ሁለተኛዋ ናት።

«ወረሰ» የሚለውን ቃል እዩት። ልጅ የአባቱን ቤት ወረሰ እንላለን፣ ማሳውን አረም ወረሰው ደግሞም እንላለን። አባባሉ ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ ማየት የማትፈልገው ሰው የደከምክበትን ሲይዝብህ፣ ወይ የጠላኸው ነገር እንደ አረም ቀስ እያለ ሲውጥህ። የመጀመሪያዋ ግማሽ ሃሳብ ኢዮብ 3፥25 ላይም አለ፣ የፈራው ነገር እንደመጣበት ይናገራል። ኢዮብ ግን ጥፋት የለበትም። ጥፋት ያለበት ሰው ሲፈራ ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ ፀጋዬ ገብረመድህን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን ተውኔት ማክቤዝን ያንብብ።

የስኮትላንዱ የጦር አለቃ ማክቤዝ ስቴጅ ላይ ወጥቶ የሚናገራት የመጀመሪያ ነገር እንዲህ ክፉም ደግም የሆነ ቀን አይቼ አላውቅም የምትል ናት። ጠንቋዮቹን ገና አላገኛቸውም፣ እነሱ ግን መክፈቻው ላይ ደጉ ክፉ ነው ክፉውም ደግ ነው ብለው ነበርና ሳያውቀው ቃላቸውን ነው አፉ ላይ ያገኘነው፣ ንግር የሚባለው፣ የሚመጣውን ቀድሞ የሚጠቁመው ፍንጭ፣ ይሄ ነው። ከዛ አንተ ትነግሳለህ ይሉታል፣ ጓደኛውን ባንኮን ደግሞ አንተ አትነግስም ልጆችህ ግን ይነግሳሉ።

ማክቤዝም ለመንገስ ብሎ እንግዳው ሆኖ ቤቱ የተኛውን ንጉሥ ዳንከንን ገደለው። ጩቤዎቹን እንደያዘ ነው የወጣው፣ ማክቤዝ እንቅልፍን ገደለ የሚል ድምፅ ሰማሁ እያለ። ሚስቱ ትንሽ ውሃ ያነፃናል አለችው። በአምስተኛው ገቢር ግን እሷው ናት በእንቅልፍ ልቧ መብራት ይዛ የምትዞረው፣ ካስቀመጠችው በኋላ እጇን ታሻለች ታሻለች፣ ደንገጡሯ ለሀኪሙ ሩብ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ስታደርግ አይቻታለሁ ትለዋለች፣ የአረቢያ ሽቶ ሁሉ ይቺን ትንሽ እጅ አያጠራትም ትላለች ራሷ። ያቺ «ትንሽ ውሃ» እዚህ ስትመለስ ሁሌም ሆዴን ትበላኛለች።

እሱ ደግሞ ዘውዱን ይዞ ቁጭ ብሎ ያስባል፣ ወራሽ ልጅ የለኝም፣ ነፍሴን ያቆሸሽኩት ለባንኮ ልጆች ነው እንዴ? በቃ፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። ፍርሃቱን ራሱ ወንጀሉ ነው የወለደው፣ ፍርሃቱ ደግሞ ሌላ ወንጀል ወለደ። ባንኮን አስገደለ፣ ልጁ ፍሊያንስ በጨለማ አመለጠ፣ ማታ ግብዣው ላይ ማክቤዝ ሊቀመጥ ሲል ማዕዱ ሞልቷል አለ፣ እንግዶቹ ቦታው ይኸውና ይሉታል፣ ለሱ ግን ወንበሩ ላይ ደም የለበሰው ባንኮ ተቀምጧል።

አሁንም አላረፈም፣ ጠንቋዮቹ ጋ ተመልሶ የባንኮ ዘር ይነግሳል ወይ ብሎ ጠየቀ። በራእይ ከባንኮ ዘር የሆኑ ስምንት ነገሥታት ተራ በተራ ፊቱ አለፉ፣ የመጨረሻው መስታወት ይዟል፣ መስታወቱ ውስጥ ሌሎች ብዙ ነገሥታት ይታያሉ። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1606 አካባቢ ሲፃፍ እንግሊዝ ዙፋን ላይ የነበረው በ1603 ከስኮትላንድ የመጣው ጄምስ ነው፣ የሱ ቤተሰብ ደግሞ ዘራችን ከባንኮ ነው ይል ነበር።