ሞቅ ያለ ብሎንድ የፀጉር ቀለም፦ ለመፀው ወራት አመራረጥና አያያዝ

ሞቅ ያለ ብሎንድ ወርቃማ፣ ማር መሳይ፣ ካራሜልና ፈዘዝ ያለ መዳብ መሳይ የሆኑ የብሎንድ ፀጉር ቀለማት የጋራ መጠሪያ ነው። ወደ ግራጫ ከሚያዘነብለው ቀዝቃዛ ብሎንድ የሚለየው ብርሃን ሲያርፍበት ወርቃማ ነጸብራቅ በመስጠቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚቀቡት ሰዎች ቢኖሩም ይበልጥ የሚፈለገው እንደ አውሮፓ ባሉ አገሮች በመፀው፣ ከበጋ ቀጥሎ ቅጠል ቢጫ ሆኖ በሚረግፍባቸው ወራት ነው። ከውበቱ ሌላ ተግባራዊ ምክንያትም አለው። የበጋ ፀሐይና የመዋኛ ውኃ የፀጉርን ጫፍ አንጥተውና አድርቀው ስለሚተዉት፣ ቀለሙን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ጠቆር አድርጎ ወርቅ መመለስ ፀጉሩን እንደገና ከማንጣት እጅግ ያነሰ ጉዳት አለው።

የቀለሙ ምንጭ

የፀጉር ተፈጥሯዊ ቀለም የሚመጣው ከሜላኒን ነው። ሜላኒን በሁለት ይከፈላል፤ ጥቁርና ቡናማ የሚሰጠው ዩሜላኒን ሲባል፣ ቀይና ቢጫ የሚሰጠው ፌኦሜላኒን ይባላል። ብሊች፣ ማለትም የፀጉር ማንጫ፣ ሲቀባ በውስጡ ያለው አልካላይ፣ ብዙ ጊዜ አሞኒያ፣ የፀጉሩን የውጭ ቅርፊት ያሳብጣል፤ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ በዚያ ገብቶ ሜላኒኑን ይሰባብራል። ዩሜላኒን ቶሎ ይፈርሳል፣ ፌኦሜላኒን ግን ይቆያል። ጥቁር ፀጉር ሲነጣ በቀጥታ ብሎንድ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ከዚያ ወርቃማ፣ ከዚያ ቢጫ፣ በመጨረሻም የሙዝ ልጣጭ የውስጥ ገጽ የሚመስል ፈዛዛ ቢጫ ላይ ይደርሳል።

ይህን ቀሪ ሙቀት እንደ ጉድለት ቆጥሮ በግራጫ ቶነር (የነጣን ፀጉር ነጸብራቅ በሚያስተካክል ቀለም) የማጥፋት ልማድ ለረጅም ጊዜ ገንኖ ኖሯል። ሞቅ ያለ ብሎንድ ግን የፀጉሩን የራሱን ወርቅ ይጠቀምበታል። ጥቅሙም የሚለካ ነው፤ ከ1 (ጥቁር) እስከ 10 (እጅግ ፈዛዛ ብሎንድ) በሚቆጠረው የፀጉር ቀለም ሚዛን፣ ግራጫማ ወይም ፕላቲነም (ነጭ መሳይ) ብሎንድ ለማግኘት ፀጉሩ እስከ ደረጃ 9 ወይም 10 መንጣት ሲኖርበት፣ ለማር መሳይ ቀለም ደረጃ 7 ወይም 8 ላይ መቆም ይቻላል። ብሊቹ በፀጉሩ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፣ ፀጉሩም ጥንካሬውን ብዙ አያጣም።

ታሪክ

ፀጉርን ማቅላትና ማንጣት ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ትልቁ ፕሊኒ ጋሎች (የጥንቷ ፈረንሳይ ነዋሪዎች) ከሞራና ከአመድ የሚሠሩት ሳሙና ፀጉርን እንደሚያቀላ፣ በጀርመኖች ዘንድም ከሴቶች ይልቅ ወንዶች እንደሚጠቀሙበት ጽፏል።

በተሻለ ሁኔታ ተመዝግቦ የምናገኘው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ቬኒስ ነው። ቼዛሬ ቬቼሊዮ በ1590 እ.ኤ.አ. ስለ አልባሳት ባሳተመው ሥራ የከተማዋ ሴቶች በቤታቸው ጣሪያ ላይ ወደሚሠራው የእንጨት ሰገነት ወጥተው ፀሐይ ላይ እንደሚቀመጡ ያሳያል። በራሳቸው ላይ የሚያደርጉት ሶላና የሚባል አናቱ ክፍት የሆነ ባርኔጣ ነበር። ፀጉራቸውን በክፍቱ በኩል አውጥተው በሰፊው ክፈፍ ላይ ይዘረጉታል፣ በእንጨት ጫፍ ላይ በታሰረ ስፖንጅም ማንጫ ውኃ እየነከሩ ደጋግመው ያርሱታል። ክፈፉ ፊታቸውን ከፀሐይ ይጠብቅላቸዋል። የቬኒስ ሠዓሊዎች በሸራ ላይ ያስቀሩት ወርቃማ ቀይ ፀጉር፣ ዛሬ የመፀው ብሎንድ ከሚባለው ጋር ያለው ቅርበት ዓይን የሚስብ ነው።

የዘመናዊው ሙያ መሠረት የተጣለው በኬሚስትሪ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ዣክ ቴናር ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድን በ1818 አገኘ። በ1867 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የለንደኑ ኬሚስት ቲዬሌና የፓሪሱ ፀጉር ሠሪ ኡጎ ፀጉር በፐርኦክሳይድ እንደሚነጣ ለሕዝብ አሳዩ። በ1907 ዩጂን ሹለር ሰው ሠራሽ የፀጉር ቀለም ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሎሬያል የተባለውን ድርጅት መሠረተ። በ1930ዎቹ ተዋናይት ጂን ሃርሎ ፕላቲነሙን አነገሠችው፣ ወርቃማውም ለጊዜው ወደ ኋላ ቀረ። በ1950ዎቹ የክሌሮል ድርጅት በአንድ ጊዜ የሚያነጣና የሚቀባ ምርት አቅርቦ የማስታወቂያ ባለሙያዋ ሸርሊ ፖሊኮፍ በጻፈችው መፈክር ሲያስተዋውቅ፣ ፀጉር መቀባት ተራ ነገር ሆነ። በ1970ዎቹ ከፈረንሳይ የመጣው ባላያዥ፣ ቀለምን በብሩሽ በነጻ እጅ የመቀባት ዘዴ፣ ለሞቅ ያለ ብሎንድ ዛሬም ተመራጭ ነው።

አመራረጥ

በቀለም ማሸጊያ ላይ ያለው ቁጥር ሁለት ነገር ይናገራል። ከነጥቡ በፊት ያለው የጥቁረት ደረጃ ነው፤ 1 ጥቁር፣ 10 እጅግ ፈዛዛ ብሎንድ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ነጸብራቁን ያሳያል፤ በብዙ አምራቾች ዘንድ 1 ግራጫ፣ 3 ወርቅ፣ 4 መዳብ ነው። ስለዚህ 8.3 ፈዛዛ ወርቃማ ብሎንድ ሲሆን 7.34 ወርቁ የሚበዛበትና መዳብ የተቀላቀለበት ብሎንድ ነው። የቁጥሮቹ ትርጉም ከድርጅት ድርጅት ሊለያይ ስለሚችል የእያንዳንዱን የቀለም ሰሌዳ ማየት ያስፈልጋል።

ቀለምን ከቆዳ ጋር የማዛመድ ጉዳይ አከራካሪ ነው። የሰውን መልክ በአራቱ ወቅቶች የመመደብ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ባውሃውስ በተባለው የጀርመን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካስተማረው ስዊዘርላንዳዊ ሠዓሊ ዮሐንስ ኢተን ጋር ነው። የእጅ ደም ሥር አረንጓዴ ከመሰለ ቆዳው ሞቃት ነው የሚለው መለኪያ በብርሃኑ ዓይነት ስለሚለዋወጥ ብዙም አያስተማምንም። የናሙና ፀጉር ፊት አጠገብ ይዞ በመስኮት ብርሃን ማየት ከሁሉም ይሻላል። ፊቱ በቀላሉ ለሚቀላ ሰው መዳቡን ቀንሶ ወርቁን ማብዛት ይመከራል።

የፀጉሩ ያለፈ ታሪክም ይወስናል። ቀድሞ የተቀባ ጥቁር ቀለም በሌላ ፈዛዛ ቀለም አይነጣም፤ ብሊች ወይም ቀለም ማስወገጃ ይፈልጋል። የብረት ጨው የተቀላቀለበት ሂና የተቀባ ፀጉር ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሊግልና ሊቃጠል ስለሚችል፣ መጀመሪያ በጥቂት ዘለላ ላይ መሞከር ግድ ነው።

አቀባብ

የፐርኦክሳይዱ ጥንካሬ በ3፣ 6፣ 9 እና 12 በመቶ ይለካል፤ በባለሙያዎች አጠራር 10፣ 20፣ 30 እና 40 ቮልዩም ነው። የአውሮፓ ሕብረት ለፀጉር ከ12 በመቶ በላይ አይፈቅድም። ለመፀው ወርቅ ብዙ ጊዜ 6 በመቶ ይበቃል፤ ቀድሞ የነጣን ፀጉር ለማጥቆርና ለማሞቅ ደግሞ ዝቅተኛው ጥንካሬ ካለው ጊዜያዊ ቀለም አያልፍም። ከመቀባቱ 48 ሰዓት በፊት ጥቂቱን በቆዳ ላይ መሞከር ያስፈልጋል፤ በብዙ ቀለሞች ውስጥ ያለው ፓራፌኒሊንዲያሚን ብርቱ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል።

ጥሩ ባለሙያ ሰዓት ብቻ አይቆጥርም። ፀጉሩ የተጠቀለለበትን ፎይል (ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት) ገለጥ አድርጎ ከአንዲት ዘለላ ላይ ብሊቹን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርግና ከነጭ ፎጣ ጋር አስተያይቶ ያያታል። እርጥብ ፀጉር ከደረቀው ይልቅ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ፣ ይህን የሚለይ ዓይን በልምድ እንጂ በመመሪያ ወረቀት አይገኝም።

አያያዝ

ወርቁ ከፀጉሩ የራሱ ቅሪት ጋር ስለሚስማማ ሲደበዝዝም አያስቀይምም። ፈጥኖ የሚለቀው መዳቡ ነው። ለብሎንድ ሁሉ የሚሸጠው ወይን ጠጅ ሻምፖ ቢጫን የሚያጠፋ በመሆኑ፣ አዘውትረው ከተጠቀሙበት የተከፈለበትን ወርቅ ያደበዝዛል። ብርቱካናማነት ከበዛ ሰማያዊ ሻምፖ አልፎ አልፎ ይረዳል። ከዚህ ሌላ ተስማሚው ወርቅ ወይም መዳብ የሚጨምር ማስክ (ፀጉር ላይ ተቀብቶ የሚታጠብ ክሬም) ነው።

ሰልፌት የሌለው ሻምፖና ለብ ያለ ውኃ ቀለሙን ያቆያሉ። በቀዝቃዛ ውኃ ማለቅለቅ ቅርፊቱን ይዘጋል የሚለውን ብዙ ፀጉር ሠሪዎች ያምኑበታል፣ የማይቀበሉትም አሉ። የፀጉር መተኮሻ ከ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ የሙቀት መከላከያም ይቀባል። ዋናተኞች ፀጉራቸው ሲያረነጉድ ክሎሪንን ይወቅሳሉ፤ አረንጓዴውን የሚያመጣው ግን በውኃው ውስጥ የሟሟ መዳብ ነው። ከመዋኘት በፊት ፀጉርን በንጹሕ ውኃ ማራስና ኮንዲሽነር መቀባት ይቀንሰዋል።

ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ሥሩ ሆን ተብሎ ጠቆር ተደርጎ የተቀባ ባላያዥ ያለ እርማት 3 ወር፣ ማለትም መላውን መፀው ሊቆይ ይችላል። ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ወጥ የሆነ ቀለም ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እርማት ይፈልጋል። ያኔም ቀለሙ የሚቀባው አዲስ በበቀለው ላይ ብቻ ነው፤ ለተቀረው ርዝመት በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ የሚታደስ ወርቃማ ቶነር ይበቃዋል።