ሜጀር ሁሉ ሳቅ፣ ማይነር ሁሉ ለቅሶ አይደለም፦ ስለ ኦቨርቸር የሚነገሩ ስህተቶች

የማዳመጥ ፈተና ወረቀት ሳርም በየዓመቱ ያው ዓረፍተ ነገር ይመጣብኛል፦ «ሙዚቃው ሜጀር ስለሆነ ደስተኛ ነው፤ ቴምፖው ፈጣን ስለሆነ ደግሞ በጣም ደስተኛ ነው።» ከተማሪ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ፤ ሙዚቃ አስተምራለሁ ከሚል ሰው አፍም ሰምቼዋለሁ። ሜጀርና ማይነር በምዕራባውያን ሙዚቃ ሁለቱ ዋና ዋና የቅኝት ዓይነቶች ናቸው፤ ቴምፖ ደግሞ የሙዚቃው ፍጥነት። ኦቨርቸር ኦፔራ (በዘፈን የሚተረክ ድራማ) ወይም ቴአትር ሲጀመር ኦርኬስትራው ብቻውን የሚጫወተው መግቢያ ነው። ጥቃቅኖቹን ስህተቶች ላስቀድም፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ኦቨርቸር ታዳሚው ወንበሩን እስኪያገኝ የሚሰማ ጫጫታ ነው።» የኦፔራ ደራሲው ግሉክ ቪየና ላይ በ1769 በታተመው የ«አልቼስቴ» ኦፔራው መቅድም ላይ ኦቨርቸር ተመልካቹን ለሚያየው ታሪክ ማዘጋጀት እንዳለበት ጽፏል። ከዚያ በኋላ ይህን ማለት አላዋቂነት ነው።

«ኦቨርቸር የኦፔራው ዜማዎች ቅንጭብ ነው።» አንዳንዱ ነው። የሞዛርት ኦፔራ የ«ዶን ጆቫኒ» ኦቨርቸር የሚከፈተው የድንጋዩ ሐውልት ለእራት በሚመጣበት ትዕይንት ሙዚቃ ነው። የዚያው የሞዛርት የ«የፊጋሮ ጋብቻ» ኦቨርቸር ግን ከኦፔራው አንድም ዜማ አልተዋሰም።

«ሞዛርት ያዘዘው ፍጥነት በደቂቃ ይህን ያህል ምት ነው።» ሞዛርት የሞተው በ1791 ነው፤ ሜልትሰል የምት መለኪያ መሣሪያውን ሜትሮኖምን በስሙ ያስመዘገበው በ1815። በ«ፊጋሮ» ኖታ ራስጌ ያለው «ፕሬስቶ» (በጣም ፈጣን) የሚል ቃል እንጂ ቁጥር አይደለም። ሁለት ተማሪዎች በስልካቸው ለክተው አንዱ 140 ሌላው 280 ጽፈው ሊደባደቡ ደርሰው ነበር። የቆጠሩት አንድ ቅጂ ነው፤ ልዩነቱ አንደኛው ባሩን (በኖታው ላይ በመስመር የሚለየውን አንዱን የምት ክፍል) በሁለት፣ ሌላው በአራት መክፈሉ ብቻ ነው። ቁጥሩን ተዉትና ምቱ የት እንደሚወድቅ በእግራችሁ ፈልጉ።

«ለፊጋሮ ኦቨርቸር ዲ ሜጀር የተመረጠው የድል መንፈስ ስላለው ነው።» መንፈሱን ተዉት። ዲ፣ ኤ፣ ኢ የመሳሰሉት የድምፆች ስም ናቸው፤ ኪይ የሚባለው ደግሞ ሙዚቃው የሚመሠረትበት ድምፅና ቅኝቱ ነው። የዘመኑ ትራምፔት ፒስተን (ድምፅ መለወጫ ቁልፍ) ስለሌለው የተሠራበትን ኪይ ጥቂት ድምፆች ብቻ ነበር የሚያወጣው፤ ዲ ደግሞ ከሚመቹት አንዱ ነው። ቲምፓኒውም (የኦርኬስትራው ትልቅ ከበሮ) ሁለት ሆኖ በዲ እና በኤ ይቃኛል። የቫዮሊን ክፍት ክሮች ጂ፣ ዲ፣ ኤ እና ኢ ስለሆኑ ገመዱ ሁሉ አብሮ ይጮኻል። ድል ድል የሚሸተው በዚህ ምክንያት ነው። ደግሞስ ኤ ዛሬ 440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) ነው፤ በጥንቱ መሣሪያ የሚጫወቱ ቡድኖች ብዙ ጊዜ 430 ላይ ይቃኙታል። መንፈሱ በየትኛው ዲ ላይ ነው የሚያድረው?

አሁን ወደ ዋናው ሕመሜ ልምጣ፦ «ሜጀር ደስታ፣ ማይነር ኀዘን።»

ሮሲኒ በ1816 ሮም ላይ ያቀረበው «የሴቪያ ፀጉር አስተካካይ» አስቂኝ ኦፔራ ነው። ዘገም ያለው የኦቨርቸሩ መግቢያ በኢ ሜጀር ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያፏጨው ፈጣኑ ዋና ዜማ ግን በኢ ማይነር። ማይነር ለቅሶ ከሆነ እንግዲህ ዓለም ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ለቅሶ ቤት ሲስቅ ኖሯል። ይባስ ብሎ ሙዚቃው ለዚህ ኦፔራ የተጻፈ እንኳ አይደለም። በ1813 የሮማው ንጉሠ ነገሥት ኦሬሊያን ላለበት፣ በ1815 ደግሞ ስለ እንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ለተሠራ ኮስታራ ኦፔራ አገልግሎ የመጣ ነው። ኪዩም ቴምፖውም ያው ሆኖ ሳለ ኮስታራውንም አስቂኙንም ከፍቷል።

ግሉክ ደግሞ በ1762 በ«ኦርፌኦ» ሚስቱን ዳግመኛ ያጣውን ሰው ያስለቀሰው በሲ (C፣ ማለትም ዶ) ሜጀር ነው። የዚያው ኦፔራ ኦቨርቸርም በሲ ሜጀር ሞቅ ብሎ ይጫወትና መጋረጃው ሲከፈት ሰው መቃብር ላይ ተሰብስቦ ያለቅሳል። (በመቅድሙ የመከረንን የጻፈው ከዚህ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።)

ለነገሩ ለእኛ ሰው ቪየና ድረስ መሄድ ምን አስፈለገው? ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ አምስቱም የሜጀር ስኬል ድምፆች ናቸው። ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፈ አንድ ተማሪ ቫዮሊኑን አንስቶ በዚህ ቅኝት እንዲጫወት አዘዝሁት። ሲጨርስ «ደስ አላችሁ?» ብዬ ክፍሉን ጠየቅሁ። «አያቴ ትዝ አለችኝ» አለ ከኋላ አንዱ።

ፍጥነትም ብቻውን ምስክር አይሆንም። የቤትሆቨን «ኮሪዮላን» ኦቨርቸር የ1807 ሥራ ነው፤ ፈጣን፣ በሲ ማይነር። ሁለተኛው ጭብጥ ወደ ኢ ፍላት ሜጀር ሲዞር ግን ፌሽታ አይመጣም፤ ብዙዎች የሚሰሙበት የገዛ ከተማውን ሊወጋ የመጣውን ኮሪዮላንን የእናቱን ልመና ነው። መጨረሻው ደግሞ ቁጣው ተሰባብሮ በጣት በሚነካ የክር ድምፅ ይከስማል።

ታዲያ ስሜቱ ከየት ይነበብ? «ፊጋሮ»ን ክፈቱና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ባሮች ብቻ ስሙ። ክር መሣሪያዎቹና ባሱኑ (ድምፁ ወፍራም የሆነ የትንፋሽ መሣሪያ) አንድ ዜማ ይዘው እጅግ በለሰሰ ድምፅ ይሮጣሉ፤ ባለቤቱ ሳይሰማ ጓዳ ውስጥ እንደሚንሾካሾክ ቤተሰብ። ኦቦና ሆርን የተባሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች በለዘብታ ይመልሳሉ፤ ከዚያ ትራምፔትና ቲምፓኒ ተጨምሮ ሁሉም በአንዴ ይፈነዳል። ታሪኩም የአንድ ቀን ሴራ ነው፤ አሽከርና ገረድ ጌታቸውን ሊሸውዱ ይዶልታሉ። ሞዛርት መካከሉ ላይ ዘገም ያለ የዲ ማይነር ክፍል ጀምሮ በእጅ ጽሑፉ ላይ ሰርዞታል፤ ሩጫው አራት ደቂቃ ያህል ትንፋሽ ሳይሰጥ የሚዘልቀው ስለዚህ ነው።

ስለዚህ በመልስ ወረቀታችሁ ላይ ማን እንደሚጫወት፣ ምን ያህል ጮክ እንደሚል፣ መቼ እንደሚለወጥ ጻፉ። ኪዩን ከዚያ በኋላ ጨምሩት። «ደስተኛ» የሚል ብቻውን ለቆመ መልስ ግማሽ ነጥብ እንኳ አልሰጥም፤ ቅሬታም አልቀበልም።