«የነዋሪ ምርጫ» ምንድን ነው?

ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) የሠራ ሰው የሺፍቱን (የሥራ ተራውን) ወረቀት ያውቀዋል። ከክፍል ቁጥሩ ጎን፣ እዚያ ስለምትኖረው ነዋሪ፣ «በሁለት ሰው ነው የምትነሣው፣ ምግቧ የተፈጨ ነው» የሚል ይጻፍበታል። አሜሪካ፣ ኢንዲያና ውስጥ አንዲት ጥቁር ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) በየቀኑ የምትቀበለው ወረቀት ግን አንዷ ነዋሪ ጥቁር ሲኤንኤ እንደማትመርጥም ይናገር ነበር።

የነዋሪ ምርጫ የሚባለው ማን ይጠበኝ፣ ማን ያልብሰኝ የሚለው የነዋሪው ፍላጎት ነው። አብዛኛው ነውር የለበትም። የእኛም እናቶች ወንድ ገላቸውን እንዲያጥባቸው አይፈቅዱም፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም ይህን የገላ ገመና ጉዳይ ነው ብለው ይቀበሉታል። ዘር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ «ለዚህ ሥራ ሴት ያስፈልጋል» ለሚል አሠሪ ጠባብ በር ትቶለታል፤ «ነጭ ያስፈልጋል» ለሚለው ግን ምንም አልተወለትም።

የኢንዲያናዋ ሲኤንኤ አንድ ቀን ነዋሪዋን ወለል ላይ ወድቃ፣ መነሣት አቅቷት አገኘቻት። እጇን ልትሰጣት እየፈለገች፣ ትእዛዝ ነውና፣ ነጭ ሲኤንኤ ፍለጋ ሕንጻውን ዞረች። ተቋሙ የነዋሪዋን ፍላጎት አከበርኩ ባይ ነው። ወለል ላይ የቀረችው ሴትዮ ከዚህ ክብር ምን እንዳተረፈች እንጃ።

ሲኤንኤዋ ከሰሰች። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለተቋሙ ፈረደ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሐምሌ ግን የ7ኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያንን ሻረው። ነዋሪ ሐኪሙን የመምረጥ መብት አለው ማለት አሠሪ የሥራ ምደባ በቆዳ ቀለም ያውጣ ማለት አይደለም አለ። ተቋሙ ምን ማድረግ ይችል እንደነበርም ዘረዘረ፦ ነዋሪዋ ሳትገባ በፊት አድልዎ እንደማይፈቀድ ነግሮ ማስፈረም፣ ከገባችም በኋላ ጠባይዋን ለማረም መሞከር፣ ሠራተኞቹ ከዘረኛ ነዋሪ ከለላ መጠየቅ እንደሚችሉ ማሳወቅ። የመጨረሻው ልብ ይባል። አለቃ «አንቺ አትግቢ» ሲልና ሠራተኛዋ ራሷ «ሰለቸኝ፣ ቀይሩኝ» ስትል አንድ አይደለም።

የመርሳት ሕመም ሲኖር ማስፈረሙም ማረሙም ብዙም አይሠራም። ማታ ሰድባና ቧጭራ ጠዋት «የኔ ልጅ» የምትል አለች። አደጋ ላይ ካልሆነች ወጣ ብሎ ጥቂት ቆይቶ መመለስ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ስድቡ ከሕመም መጣ ማለት ግን አይመዘገብም ማለት አይደለም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚሠሩ የእኛ ሰዎች «ታማ ነው፣ እግዜር ይማራት» ብለው ዝም ይላሉ፤ ደግነት ነው፣ ግን ነገ ነዋሪዋ «መታችኝ» ብላ ብትከስ በእጃቸው ወረቀት የለም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል ጽፎ በዚያው ሺፍት ለቻርጅ ነርሷ (ለተራው ኃላፊ ነርስ) መስጠት ነው።

በዘሯ ምክንያት ከክፍል የታገደች ሠራተኛ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ማመልከት ትችላለች። ጊዜው 180 ቀን ነው፤ ስቴቱ ወይም ከተማው የራሱ ፀረ አድልዎ መሥሪያ ቤት ካለው 300 ይደርሳል።