የካርበን ክሬዲት ምንድን ነው?

«አየር ይሸጣል እንዴ?» ስለ ካርበን ሽያጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። የሚሸጠው አየሩ አይደለም፤ ዛፉም መሬቱም አይደሉም። የሚሸጠው ማስረጃ ነው። አንድ ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ሳይወጣ መቅረቱን፣ ወይም ከአየር ተስቦ በዛፍና በአፈር ውስጥ መከማቸቱን ገለልተኛ አረጋጋጭ መርምሮ ይመሰክራል። አንድ ክሬዲት ማለት አንድ ቶን ነው። ገዢው፣ መንግሥትም ይሁን ኩባንያ፣ እሱ ራሱ የሚለቀውን ጭስ በዚያ ያካክሳል።

ከጀርባው ያለው የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ቀላል ነው። አንድ ቶን ልቀት መቀነስ ለአውሮፓ የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣም ውድ ነው፤ ለወላይታ ኮረብታ ግን ርካሽ ነው። ሰማዩ ደግሞ ጭሱ ከየት እንደመጣ አይለይም። ስለዚህ ርካሽ በሆነበት ቦታ ይቀነስ፣ ወጪውን ውድ የሆነበት ይክፈል ተባለ። በ1997 የወጣው የኪዮቶ ስምምነት ይህን ንግድ ሕጋዊ መልክ ሰጠው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ኮረብታውን እንዲያው ለምሳሌ ብቻ አላነሳሁትም፤ በእርግጥ አለ። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁምቦ ትገኛለች። ተራራዎቿ ለማገዶና ለከሰል ተመንጥረው ራቁታቸውን ቀርተው ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ አፈሩን ይዞ ወደ ማሳው ይወርድ ነበር። በ2006 በወርልድ ቪዥን አጋዥነት 2,728 ሄክታር መሬት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ እንዲሆን ተደረገ። አብዛኛው ቦታ ችግኝ አላስፈለገውም። ዛፉ ቢቆረጥም ጉቶው ከመሬት በታች በሕይወት ነበር። ላሙና መጥረቢያው ሲርቁለት ከየጉቶው ብዙ ቀንበጥ አቆጠቆጠ፤ ገበሬው ጠንካራዎቹን ጥቂቶች መርጦ ሌላውን ይገርዛል፣ ግርዱም ለማገዶ ይሆናል። ሥሩ የቆየ ስለሆነ ዛፉ ከአዲስ ችግኝ ይልቅ ቶሎ ያድጋል።

መጀመሪያ ላይ ሰዉ «መሬታችንን ሊወስዱብን ነው» ብሎ ሰግቶ ነበር። ሥራው የያዘው ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የመጠቀም መብቱ በእነሱ ስም ከሆነ በኋላ ነው። ፕሮጀክቱ በ2009 መጨረሻ በኪዮቶው ሥርዓት ተመዘገበ፤ በ30 ዓመት 880,000 ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ያከማቻል ተብሎም ተሰላ። የዓለም ባንክ ባዮካርበን ፈንድ 165,000ውን ቶን ለመግዛት ተዋዋለ፤ ለማኅበራቱ በ10 ዓመት ውስጥ ከ700,000 ዶላር በላይ እንደሚያስገኝ ነበር የተነገረው።

እስቲ እናካፍለው። ቶኑ ከ4 ዶላር ብዙም ፈቅ አይልም። ሄክታሩ በዓመት የሚይዘው ወደ 11 ቶን ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ሄክታር በዓመት የሚያስገባው 45 ዶላር አካባቢ ነው፤ እሱም ለማኅበሩ እንጂ ለአንድ ቤተሰብ አይደለም። ይህ ገንዘብ ብቻውን ማንንም ሀብታም አያደርግም። የሁምቦ ሰዎች ዋና ትርፍ ታጭዶ የሚወሰደው ሣር፣ ግርዱ፣ ማሩና ማሳው ላይ የቀረው አፈር ነው።

ታዲያ ክሬዲቱ ለምን ይጠቅማል? እኔ እንደማየው ለመሸጋገሪያው ዓመታት ነው። ተራራው በተከለለ ማግስት ላሟ የት ትሂድ? እንጨት ሸጣ ልጆቿን የምታበላው እናት ምን ትሽጥ? ደኑ መመለሱ የማይቀር ቢሆንም ጥቅሙ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፣ ኪሳራው ግን የዛሬ ነው። የካርበን ገንዘብ ይህንን ክፍተት ከሸፈነ ሥራውን ሠራ ማለት ነው። የሚያሳዝነው፣ ክሬዲት የሚከፈለው ካርበኑ ተለክቶ ከተረጋገጠ በኋላ መሆኑ ነው። በሁምቦ የመጀመሪያዎቹ ከ73,000 በላይ ክሬዲቶች የወጡት በ2012፣ ማለትም ሥራው ከተጀመረ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ክሬዲትን በተመለከተ ትልቁ ክርክር የሚነሳው ከመነሻው ስሌት ላይ ነው። የተቀነሰው የሚለካው «ፕሮጀክቱ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ከሚለው ግምት ተነስቶ ነው፤ ያልሆነን ነገር ደግሞ ማንም በሚዛን አይለካውም። ክሬዲት እንጨት በሚቆጥቡ ምድጃዎችም ይሸጣል፤ ወደ ማድ ቤት ግቡና እዩት። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ በጣም ያነሰ እንጨት እንደሚፈጅ የታወቀ ነው። ነገር ግን ባለቤቷ እንጀራውን በምርጥ ምድጃ እየጋገረች ወጡን አጠገቡ ባለው ጉልቻ ላይ ትጥዳለች። ጉልቻው ከቤት እንደወጣ ተቆጥሮ ክሬዲት ከተሸጠ፣ የተሸጠው ካርበን የለም። በ2024 በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች የወጣው ክሬዲት ሊወጣ ከሚገባው ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ምድጃው ጥሩ ነው፤ ሴቲቱንም ከጭስ ያድናታል። የተጋነነው ወረቀቱ ነው። በዚያ ወረቀት ተማምኖ ጭሱን የቀጠለው ፋብሪካ ግን በእርግጥ ጭሷል።

ዋጋውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ2023 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከኦሮሚያ ደን የሚገኘውን 4 ሚሊዮን ቶን በ40 ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተፈራረመች፤ ቶኑ 10 ዶላር ማለት ነው። በዚያው ወቅት በአውሮፓ ኅብረት ገበያ የአንድ ቶን የልቀት ፈቃድ ለመጀመሪያ ጊዜ 100 ዩሮ አልፎ ነበር። ሁለቱ አንድ ዕቃ አይደሉም። የአውሮፓው ፋብሪካዎች በሕግ ተገደው የሚገዙት ፈቃድ ነው። ቢሆንም የዋጋው ልዩነት ለሻጭ አገር ብዙ ይናገራል።

በተለይ እያንዳንዱ አገር የራሱን ልቀት ለመቀነስ ቃል ከገባበት ከፓሪስ የአየር ንብረት ስምምነት ወዲህ። በስምምነቱ አንቀጽ 6 መሠረት ለሌላ አገር ግዴታ የተሸጠ ቶን ከሻጩ መዝገብ ላይ ይነሳል፤ አንድ ቶን ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። ኢትዮጵያ በ2011 ባወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል የተባለውን ዓመታዊ ልቀት በ250 ሚሊዮን ለመቀነስ አቅዳ ነበር። ለዚህ የሚቀለው መንገድ ደን ነው፣ የሚከብደው ትራንስፖርትና ሲሚንቶ ነው። ቀላሉን ቶን በ10 ዶላር ለሌላ አገር ግዴታ ሸጦ የጨረሰ አገር የራሱን ቃል ሊጠብቅ ሲነሳ የሚቀረው ከባዱ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ ከዋጋው እኩል ሊጤን የሚገባው ቶኑ በማን ስም እንደሚመዘገብ ነው።